መጨረሻ የገባ ሰው

የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሰው ማስቀየም አይችሉበትም። ማንም ይግባ፣ ምንም ይበል፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ልክ ነህ» ይሉታል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ «ልክ ነሽ»። ከዚህ የተነሳ ሠራተኛው ከኋላቸው «ጋሽ ልክነህ» ሲላቸው ኖሮ፣ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው ደመወዝ ክፍል ብቻ ሆኗል። ደግ ሰው መሆናቸውን ማንም አይክድም። ጣጣው፣ ጋሽ ልክነህ የሚወስኑት መጨረሻ ላይ ከቢሯቸው የወጣው ሰው እንዳላቸው መሆኑ ነው። ጠዋት የገባ ሰው ሐሳቡ ቀርቶ መግባቱ ራሱ እስከ ምሳ ይረሳል።

ኩባንያው የጠረጴዛ ኮምፒውተር እየሠራ ይሸጣል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳውንና ሌላውን ሥራ ሁሉ የሚያዝዘውን ሶፍትዌር፣ ስርዓተ ክወና የሚባለውን፣ ከሌላ አይገዛም፤ ራሱ ይሠራዋል። ምሰሶ የሚባለው ይህ ሥራው ትልቅ ኩራቱ ነበር። ኩራቱ ራስ ምታት የሆነው አንድ የነበረው ሁለት ሲሆን ነው። አንድ ቀን አንዱ ገብቶ «ጋሼ፣ ምሰሶ አርጅቷል፤ አዲስ እንሥራ» አላቸው። «ልክ ነህ» አሉት፤ ንጋት የሚባል አዲስ ተጀመረ። በማግስቱ ሌላዋ ገብታ «ጋሼ፣ ደንበኛው የለመደው ምሰሶን ነው፤ እሱ ይቀጥል» አለቻቸው። «ልክ ነሽ» አሏት፤ ምሰሶም ቀጠለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታችኛው ፎቅ ምሰሶ፣ ላይኛው ፎቅ ንጋት ሆኖ፣ ኩባንያው ከወገቡ ተከፍሎ ይኖራል።

ኮምፒውተር የሚቸረችሩት ነጋዴዎች እየደወሉ «የትኛውን እናከማች? የቱ ነው የሚሰነብተው?» ይላሉ። መልሱ በደወሉበት ሰዓት ይወሰናል። መግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ «ወደፊት ከምሰሶ ጋር» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር፤ ወርዶ «ወደፊት ከንጋት ጋር» ተሰቀለ፤ ደግሞ ተነሳ። በመጨረሻ ጽሑፉን የሚሠራው ሰዓሊ ስለሰለቸው «ወደፊት» ብቻ ጽፎ፣ የቀረውን ቦታ ባዶ ትቶት ሄደ። «ስትስማሙ ጥሩኝ» አለ አሉ።

ይህን ጠባይ ያወቀ ሠራተኛ ታዲያ ምን ያድርግ? ሁሉም መጨረሻ መግባት ይፈልጋል። ከጋሽ ልክነህ ቢሮ ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ወንበር ላይ የሚታየውን ጨዋነት ሌላ ቦታ አታገኙትም። «ቅደም።» «ኧረ በፍጹም፣ አንተ ቅደም።» «በሞቴ!» «እኔ ልሙት፣ አንተ ሳትገባማ አልገባም።» አሳንሰር ሲመጣ በክርኑ እየጎሸመ የሚገባ ሰው፣ እዚህ ሲደርስ የጫማው ክር ድንገት ይፈታል፤ ውሃ ይጠማዋል፤ ያልጮኸ ስልክ ያነሳል።

በዚህ ወንበር ላይ በጨዋነት የሚስተካከላቸው የሌለ ሁለት ሰዎች እህትና ወንድም ነበሩ።

እህትየዋ የምሰሶ ክፍል ኃላፊ ናት። «ጥንቅቅ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ በሩን ቆልፋ ሦስት አራት ጊዜ እየተመለሰች የምትነካ፣ የታጠበ ብርጭቆ ብርሃን ላይ አንስታ የምታይ ልጅ ስለነበረች ነው። ምሰሶንም በአምሳሏ ነው የሠራችው። አንድ ነገር ሰርዝ ሲሉት «እርግጠኛ ነህ?» ይላል፤ አዎ ሲሉት «እውነት እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይደግማል። ሲበራ ደግሞ ጓዳ ጎድጓዳውን ሁሉ ፈትሾ ካልጨረሰ አይከፈትም። ሳያዙት ምንም አያደርግም፤ «አስቀምጥ» ካላሉት አያስቀምጥም። «ሳይታዘዝ የሚሠራ ኮምፒውተር ነገ ሲታዘዝ እምቢ ይላል» ትላለች ጥንቅቅ። በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር የተከራከረ ሰው ሳይበላ ይውላል።

ወንድምየው ላይኛው ፎቅ የንጋት ኃላፊ ነው። እናቱ «ችኩሌ» ትለዋለች። መዳህ ሳይጨርስ መሮጥ የጀመረ፣ ሩጫውንም እስከዛሬ ያላቆመ ልጅ ነው። ንጋት ጣት ሳይነሳ ይከፈታል፤ ሥራውን ሳይነግሩት ራሱ ያስቀምጣል። ግን ዕረፍት የለውም። ትናንት ግራ የነበረው ቁልፍ ዛሬ ቀኝ ነው፤ ነገ ደግሞ የት እንደሚሄድ ችኩሌ ራሱ አያውቅም። ያኔ ልጅ ሆኖ ኮምፒውተር ማብራት ያስተማረችው ጥንቅቅ ናት። ይህን በየስብሰባው ታስታውሰዋለች።

ሌላም የምታነሳው ነገር አላት። ክርክሩ ሲጠብቅባት «እናቴን እዩዋት» ትላለች። «ዕድሜዋን በመርፌና በክር የገፋች ሴት ናት። ዛሬ የልጆች ልብስ ቅድ በኮምፒውተር ትሥላለች፣ አትማ ታወጣለች። በምንድን ነው? በምሰሶ! አንድ ቀን ተቸገርኩ ብላ አታውቅም።» እናት ከተነሳች ማን ይከራከራል? ችኩሌም ጆሮውን አከክ አከክ አድርጎ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ነገሩ እንዲህ ሲጓተት ቆይቶ ነጋዴዎቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ሐሙስ ከሰዓት እንመጣለን፤ አንዱን ብቻ ትነግሩናላችሁ። ካልሆነ ዕቃችሁን ራሳችሁ ሽጡት» አሉ። ጋሽ ልክነህም «ልክ ናችሁ» አሉ። ስለዚህ ሐሙስ ከሁለት አንዱ ይሞታል። ጥንቅቅ ይህን የሰማች ዕለት የክፍሏን በር ቆልፋ ሰባት ጊዜ ተመልሳ ነካችው። ምሰሶን የጀመረችው ከትምህርት ቤት እንደወጣች ነው። ጓደኞቿ ሲዳሩ፣ ሲኳሉ፣ አገር ሲያዩ፣ እሷ ምሰሶን ስትጠግን ነው የኖረችው። አያስቆጫትም ነበር፤ የማይፈርስ ነገር የሠራች መስሏት ነበርና።

ረቡዕ ጠዋት እህትና ወንድም አግዳሚው ላይ ተገናኙ።

«ቅደም» አለችው ጥንቅቅ።

«እታለም፣ ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ?»

«ዛሬ ነው ታላቅነቴ የታየህ?»

«ሁሌም ይታየኛል። ቅደሚ ስልሽ።»

«እኔ እግሬን አሞኛል፤ ትንሽ ልረፍ።»

«ምነው ቅድም ደረጃውን ስትወጪ ደህና አልነበርሽ?»

«እሱ ነዋ ያሳመመኝ።»

ጸሐፊዋ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። በዚያ በር ላይ ጸጉሯን ያሸበተች ሴት ናት። «ሁለታችሁም አንድ ላይ ግቡ» አለች። «ወንበሩን አታሙቁት።»

ገቡ። ጥንቅቅ ስለ ምሰሶ ተናገረች፤ «ልክ ነሽ» ተባለች። ችኩሌ ስለ ንጋት ተናገረ፤ «ልክ ነህ» ተባለ። እሷ እናቷን አነሳች፤ እሱ ጆሮውን አከከ። ከዚያ ሁለቱም ነገራቸውን ጨርሰው ቁጭ አሉ። ቀድሞ የሚወጣ ጠፋ። ችኩሌ ስለ አየሩ አወራ። ጥንቅቅ የመጋረጃውን ቀለም አደነቀች። ጋሽ ልክነህ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ሲያዩ ቆዩና፣ ኮታቸውን ቀስ ብለው አንስተው «ልክ ናችሁ፣ ልጆች» ብለው ራሳቸው ወጡ። እህትና ወንድም በሰው ቢሮ ውስጥ ተፋጠው ቀሩ።

ሲወጡ ጸሐፊዋ ጥንቅቅን እጇን ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት። «ነገ ወደ አዳራሽ ከመውረዳቸው በፊት መጨረሻ የምትገቢው አንቺ ነሽ» አለቻት በሹክሹክታ። «በሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ያ ወንድምሽ የጫነልኝ ንጋት የማተሚያውን ምልክት በየወሩ እየደበቀ አሳብዶኛል። እኔ ጡረታዬን በምሰሶ ነው የምወጣው።»

ጥንቅቅ ጉንጯን ስማት ደረጃውን እንደ ልጅ እየዘለለች ወረደች። የእግሯ ሕመም የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወደ እናቷ ቤት ሄደች። መጨረሻ መግባቷ ካልቀረ ባዶ እጇን መግባት አልፈለገችም። የእናቷን ድምፅ በስልኳ ቀድታ፣ ጋሽ ልክነህ ጆሮ ላይ ልታጫውትላቸው ነው። ልጇ በሥራ ቀን መጥታባት ስለማታውቅ እናት በሩ ሲከፈት ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ስትሰፋው የነበረውን የልጅ ካፖርትም ላፍ አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ጣል አደረገችው።

«ውይ ልጄ! ምነው? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ኮምፒውተሩን በረደው እንዴ?»

«አቧራ ነው፤ አቧራ እንዳይገባበት።»

«ካፖርቱ ላይ ይግባ?» ብላ ጥንቅቅ እየሳቀች ልብሱን ገፈፈችው። ከሥሩ የምታውቀው ምሰሶ ነበር፤ ቡናማ መደቡ፣ በግራ በኩል የተደረደሩት ትልልቅ ቁልፎቹ፣ ሁሉም እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ። መሐል ላይ የካፖርት ቅድ ተሥሏል፤ አንዱ እጅጌ አልቆ ሌላው ግማሽ ላይ ነው። ደስ አላት። ክፍሉ እንዳለ ነው፦ መስኮቱ ሥር ያለው የስፌት መኪና፣ በርጩማው ላይ የተከመረው ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ በእናቷ አንገት ላይ እንደ ሐብል የተንጠለጠለው ሜትር። ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ስለ ምሰሶ የሚሰማሽን ንገሪኝ። እንደ ጨዋታ አድርገሽ።»

እናት መርፌዋን አንስታ ክር ለማስገባት አጎነበሰች። «ምሰሶ እንግዲህ... ምን እላለሁ... ልጄ የሠራችው ነው፤ ልጄ ደግሞ የሠራችው መቼም...»

ይህን እያለች መብራት ጠፋ።

ጥንቅቅ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን ያዘች። ምሰሶ ሳይነግሩት እንደማያስቀምጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «እማዬ፣ እጅጌው! አስቀምጠሽው ነበር?»

«አይ፣ አላስቀመጥኩትም።» እናት ከመርፌዋ ቀና አላለችም። «አይዞሽ፣ ሲመጣ ራሱ ካለበት ይቀጥላል።»

ይህን እንዳለች መርፌዋ አየር ላይ ቆመ። ከመንገድ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ጎረቤት ያለ ሬዲዮ ድንገት ጮኸ፤ መብራት መጣ።

እናት ኮምፒውተሩን አበራችው። እንደ ወትሮው ጠበቀ። እንደ ወትሮው ጓዳ ጎድጓዳውን የሚፈትሽ መሰለ። ከዚያ ሲከፈት ካፖርቱ ነበር፤ አንዱ እጅጌ አልቆ ሌላው ግማሽ ላይ፤ አንዲት መስመር ሳትጎድል።

ጥንቅቅ ወንበር ስባ ቀረበች። ከጥግ ያለች ትንሽ ሥዕል መርጣ ሰርዝ አለችው። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። አዎ አለችው። «እውነት እርግጠኛ ነሽ?» አለ። ተወችው። የውስጡን ማንነት ወደሚናገረው ገጽ ገብታ አነበበች። ንጋት ነው።

«እማዬ፣ ይኼ ምሰሶ አይደለም።»

«አይደለም» አለች እናት በቀጭን ድምፅ።

ጥንቅቅን መጀመሪያ ያቃጠላት ንዴት ነው። በየስብሰባው «እናቴን እዩዋት» ስትል፣ ጆሮውን የሚያክከው ያ ልጅ ሁሉን ያውቅ ነበር ማለት ነው! ደግሞም እናቷ! ከኋላዋ ተማክረው እንደ ሕፃን ሲያታልሏት ኖረዋል። ሆድ ባሳት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለምን?» አለች።

እናት መርፌዋን መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች።

«መብራት ይሄድ የነበረ ጊዜ አለ አይደል? የዚያን ሰሞን። አንድ ሙሉ ካፖርት ሥዬ ጠፋብኝ። እንደገና ሣልኩት፤ ዳግመኛ ጠፋ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድምሽ መጥቶ ሲያገኘኝ፣ ለእህትህ እንዳትነግራት አልኩት። ሌት ተቀን የለፋሽበትን ነገር በላኝ ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

«ከዚያ ንጋትን ጫነልሽ።»

«ጫነልኝ! እኔ ደግሞ ተጨነቅኩ። ምኑም ምኑም ቦታው ላይ የለም። አንተ ልጅ፣ መቀሴን የት ደበቅከው ብዬ ጮህኩበት። የእህትህ እንዲህ አያደርግም፣ የእህትህ እንዲህ አይልም፣ እያልኩ አንገበገብኩት። ምን ያድርግ? በየማምሻው እየመጣ የአንቺን አስመሰለው። አንዱን ቁልፍ ሲያስቀምጥ፣ ትንሽ ወደዚህ ነበር እለዋለሁ፤ ያነሳና ወደዚያ ያደርገዋል። ያን ሁለት ጊዜ የሚጠይቀኝንም አንተ መልሰው አልኩት፤ አንዴ ብቻ ሲጠይቀኝ የናቀኝ ይመስለኛል።»

ጥንቅቅ እንባዋ እየወረደ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሲል ያዘችው። «ሲከፈትስ? ንጋት እኮ ወዲያው ነው የሚከፈተው። ይኼ ለምን ይጠብቃል?»

«እሱንም እኔ ነኝ!» አለች እናት፤ አሁን ትንሽ ደፈር ብላ። «ቁልፉን ስጫነው ዓይኔ ላይ ፈነዳብኝ። መነጽሬን ሳልፈልግ፣ ቁጭ ሳልል። የእህትህ እስክዘጋጅ ይጠብቀኝ ነበር አልኩት። እሱም ዝም ብሎ የሚቆምበት ጊዜ ጨመረለት። የሚፈትሽ መስሎ ይቆማል አለኝ፤ ምንም አይፈትሽም።»

ጥንቅቅ ከዚህ በላይ መቆጣት አቃታት። ያ ችኩል፣ ወረፋ አይቶ የሚያልፍ፣ ምግብ ሳያላምጥ የሚውጥ ልጅ፣ ማምሻውን እዚህች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተርን ዝግ ማለት ሲያስተምር ታያት። ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። እናትም ሳቋን ስታይ ነፍሷ መለስ አለና አብራ ሳቀች፤ ቀጥሎም «ምሳ በልተሻል?» አለች።

ቢሮ ስትመለስ ችኩሌ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ተራው አልፎ ወጥቷል፤ ከእሱ በኋላ ማን እንደሚገባ ያውቃል። ፊቱ ቡን ብሏል።

«አሸነፍሽ እታለም» አለ። «ግቢ፣ ይጠብቁሻል።»

«ስለ እማዬ ነግረሃቸዋል?»

ደነገጠ። ጆሮውን ሊያክ እጁን አነሳና መለሰው። «ሄደሽ ነበር?»

«ነግረሃቸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለምን? አንድ ቃል ብትተነፍስ ምሰሶ ያኔ አልቆለት ነበር።»

«እማዬ አስምላኛለች» አለ። ከዚያ ወለሉን እያየ «ደግሞስ በሰው ፊት፣ በእናታችን ላመካኝብሽ? ኮምፒውተር ማብራት ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?» አለ።

ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ፣ ዓይኗን ጠቀስ አድርጋ ጥንቅቅን አስገባቻት።

ጋሽ ልክነህ ክራቫታቸውን እያሰሩ ነበር። ገና አፏን ሳትከፍት «ልክ ነሽ» አሉ።

«ጋሼ፣ ምሰሶ ይቁም።»

«ልክ ነ...» አሉና ክራቫቱ እጃቸው ላይ ቀረ። በዚያ ቢሮ በኖሩበት ዘመን ሁሉ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ጠየቁ። «እርግጠኛ ነሽ?»

አንገቷን ነቀነቀች።

«እውነት እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ ጋሼ። ውስጡ የእሱ ይሁን፤ የሚጠፋ ነገር የለውም። ፊቱ ግን የእኛ ይሁን፤ ሰው ያስቀመጠውን ቦታው ላይ ያግኝ። ወንድሜ ቀድሞ ሠርቶታል፤ እንደሚሠራም አይቻለሁ። የእኔ ሰዎች ላይኛው ፎቅ ይውጡና ያሳምሩት።» ድምፄ ይሰበራል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልተሰበረም።

ጋሽ ልክነህ ዓይኗን እያዩ «ልክ ነሽ» አሉ። የዛሬው ከሌላው ቀን ትንሽ ለየት ብሎ ተሰማት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከቢሮ ወጥተው ገና ደረጃው አፍ ላይ ሲደርሱ ግን ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ድምፀ ነጎድጓድ የሆነ ሰውዬ፣ ወደ ላይ እየወጣ ጋሽ ልክነህን ክንዳቸውን ያዛቸው። «ጌታዬ፣ እኔን ይስሙኝ! ሁለቱንም ይተዉት። ባዶውን ሣጥን ይሽጡልን፤ ደንበኛው የፈለገውን ይጭንበታል!»

«ልክ ነህ» አሉ ጋሽ ልክነህ።

አግዳሚው ላይ የነበረው ችኩሌ ዘሎ ተነሳ። ጥንቅቅ ክው አለች። ዛሬ መጨረሻ ያናገራቸው ይህ ሰውዬ ሊሆን ነው! ነጋዴው እያወራ አብሮ መውረድ ጀመረ፤ አዳራሹ ከታች በሰው ጢም ብሏል። ጥንቅቅ የወንድሟን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

«ችኩሌ፣ ወሰንኩ። ውስጡ ንጋት፣ ፊቱ ምሰሶ። እንደ እማዬ ያለ። ሩጥ!»

ለችኩሌ ሩጥ የሚባል ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አይነገርም። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወርዶ በቀኝ ገባ፤ ጥንቅቅ በግራ ደረሰች። ጋሽ ልክነህን መሐል አድርገው፣ እሱ በአንዱ ጆሮ እሷ በሌላው፣ «ውስጡ ንጋት፣ ፊቱ ምሰሶ» እያሉ አጀቧቸው። ነጋዴው ከኋላ ይጮኻል፤ እነሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አዳራሹን ከበር እስከ መድረክ እንዲህ ሆነው አቋረጡት፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ አየ። ኩባንያው ሁለት ከሆነ ጀምሮ ታችኛው ፎቅና ላይኛው ፎቅ አንድ ነገር ሲናገሩ የተሰማው ያን ቀን ነው። መድረኩ ሥር ሲደርሱ ጋሽ ልክነህ ቆም ብለው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ተመለከቱ።

«ልክ ናችሁ» አሉ። ወጥተውም ያንኑ ተናገሩ። ጭብጨባው ሲነሳ የመጀመሪያውን ያጨበጨበው ያው ባለ ነጎድጓድ ድምፅ ነጋዴ ነበር፤ ሲመለስ «ሐሳቡ የእኔ ነው» ሲል ተሰምቷል።

ጸሐፊዋ ግን ጥንቅቅን ለጥቂት ቀናት አኩርፋታለች። ያስታረቃቸው የማተሚያው ምልክት ወደ ድሮ ቦታው መመለሱ ነው።

እሑድ ዕለት እህትና ወንድም ለሽያጭ የሚዘጋጀውን አዲሱን ሥራ ለማየት እናታቸው ዘንድ ተሰበሰቡ፤ ለናሙና ከእሷ ኮምፒውተር የተሻለ አልነበራቸውም። ጥንቅቅ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ችኩሌ ከኋላዋ ቆሞ «በቃ ደህና ነው፣ እንሂድ» እያለ ነዘነዛት። ከሁለት ቁልፍ በስተቀር ሁሉም ልክ ነበር። ምሰሶ አለቀ እያለች ለራሷ ብትነግረውም፣ አላስቆጫትም።

«ሲከፈት የሚቆምበትን ጊዜ አውጥቼዋለሁ» አለ ችኩሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሚሸጠው ማለቴ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶ ማን ይጠብቃል? ቅር ይልሻል?»

«አይለኝም። መጀመሪያም ጥፋት ነበር፤ ልጠግነው ብዬ ያቃተኝ ነገር ነው።»

«ምኑን ነው የምታወጡት?» አለች እናት ከስፌት መኪናዋ።

«ምንም እማዬ» አሉ ሁለቱም። «ነይ፣ አብሪውና እንየው።»

እናት መጥታ ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ መነጽሯን ፈለገች። ጠረጴዛው ላይ ዳሰሰች፤ የካፖርቱን ኪስ አየች፤ መጨረሻ ግንባሯ ላይ አገኘችውና አወረደችው። ወንበሩን በእጇ ደግፋ ቀስ ብላ ለመቀመጥ ጎንበስ ስትል ግን ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ቆይቷል። እሷ ልብ አላለችውም። ችኩሌም አላየም፤ ኮቱን እየለበሰ ነበር።

ጥንቅቅ አየች። ችኩሌ ጊዜውን የለካው ያኔ፣ እናታቸው ትንሽ ፈጠን ትል በነበረ ጊዜ ነው። እናቷ ቡና መልክ ያለውን ክር ልትመርጥ ተነስታ ወደ ሣጥኗ ስትሄድ፣ ጥንቅቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የሚቆምበትን ጊዜ ፈልጋ አገኘችውና ትንሽ ጨመረችበት።

«እታለም፣ ምን ታደርጊያለሽ? እንሂድ እንጂ!»

«ቅደም» አለችው። «መጣሁ።»